ስለ ፍል ውሃና ስለ ውሃ ተራ

የነገሌ ቦረና ተማሪዎች ስለ ፍል ውሃ ልንጽፍ ብድግ ማለታችን ሳያስቃችሁ አይቀርም። በከተማችንም ሆነ ከዚህ ወዲያ ባሉት በፊልቱ፥ በዋጪሌ፥ በዱብሉቅና በሜጋ ሰው የሚጨነቀው ውሃው ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ ብሎ ሳይሆን ተገኘ ወይስ አልተገኘም ብሎ ነው። ለበዓሉ መጽሐፍ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ ግን ወደዚህ ነገር የመራን ከመካከላችን አንዱ የጠየቀው ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጂኦግራፊ ትምህርት ላይ ስለ ጃፓን ስንማር መምህራችን የአንድ ተራራማ መንደር ሥዕል አሳዩን። የቤቶቹ ጣራ እስከ መስኮቱ ድረስ በሚደርስ በረዶ ተሸፍኗል፤ በቤቶቹ መካከል ግን ከድስት እንደሚወጣ ያለ እንፋሎት ይተናል። መምህራችን ይህ እንፋሎት ከምድር ሆድ ፈልቶ የሚወጣ ውሃ መሆኑን ካስረዱን በኋላ ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ፈቀዱ። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰቡ ከብት አርቢ የሆነ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፥ «ይህ ውሃ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህራችን ግን አልሳቁም፤ «መልሱን እናንተው ፈልጉት» አሉን። እኛም በተቻለን መጠን ፈልገን ያገኘነውን እነሆ አቅርበናል።

መንደሩ ኖዛዋ ኦንሰን ይባላል። «ኦንሰን» ማለት በጃፓንኛ ፍል ውሃ ማለት ነው። የሚገኘውም ናጋኖ በሚባለው ተራራማ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። በክረምት ወራት ከሳይቤርያ የሚነሣው ደረቅና ብርዳም ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይሸከማል፤ ወደ ምድር ደርሶ ተራራው ሲገታው ሸክሙን በዚያ ያራግፋል። ስለዚህ መንደሩ በየዓመቱ ከሰው ቁመት በላይ የሚከመር በረዶ ይወርድበታል። እዚህ ላይ በቋንቋችን ያለውን ችግር ሳንጠቅስ አናልፍም። እኛ «በረዶ» ስንል የምናውቀው ከዝናብ ጋር እየተንጣጣ የሚወርደውን፥ ቡቃያ የሚያጠፋውንና ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር ነው። በኖዛዋ የሚወርደው ግን ድምፅ የሌለው፥ እንደ ተባዘተ ጥጥ የለሰለሰ፥ አባቶች «አመዳይ» ሲሉት የኖሩት ዓይነት ነው። ከእኛ ክፍል ይህን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው የለም።

ካርታውን ስንመረምር ደግሞ ያልጠበቅነውን ነገር አገኘን። የኖዛዋ መንደር የተመሠረተችው ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል በሚሆን ቦታ ሲሆን በላይዋ ያለው የተራራ ጫፍ 1,650 ሜትር ነው። «ቆላ» የምትባለው ነገሌ ደግሞ ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። ስለዚህ እኛ ቆለኞቹ የምንኖረው ከጃፓኖቹ መንደር እጅግ ከፍ ብለን፥ ወደ ተራራቸው ጫፍ ቀረብ ብለን ነው ማለት ነው። አገርን ቆላና ደጋ የሚያሰኘው ከፍታው ብቻ ሳይሆን ከምድር ወገብ ያለው ርቀትና የነፋሱ መንገድ ጭምር መሆኑን ከዚህ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያስረዳን ትምህርት የለም።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። በኖዛዋ መንደር ውስጥ 13 የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች አሉ። እነዚህ ቤቶች የመንግሥትም የነጋዴም አይደሉም፤ በየሰፈሩ ያሉ ቤተ ሰቦች በማኅበር ተሰባስበው ይጠብቋቸዋል። ማኅበሩ «ዩ ናካማ» ይባላል፤ የፍል ውሃ ባልንጀሮች እንደ ማለት ነው። አባላቱ በየተራ ቤቱን ይጠርጋሉ፥ ገንዳውን ያጥባሉ፥ ለመብራትና ለጥገና የሚያስፈልገውንም ወጪ ይከፍላሉ። እንግዳ ሲመጣ ገብቶ መታጠብ ይፈቀድለታል፤ በር ላይ ከተቀመጠችው ሣጥን ውስጥም የፈቀደውን ያህል ሳንቲም ይጨምራል። ባይጨምርም የሚይዘው ዘበኛ የለም።

በመንደሩ ውስጥ ኦጋማ የሚባል ሌላ ምንጭ አለ። ውሃው ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ስለ ሆነ የሚያገለግለው ለመታጠቢያ ሳይሆን ለማብሰያ ነው። የመንደሩ ሴቶችና ወንዶች እንቁላልና ቅጠላ ቅጠል በቅርጫት አድርገው ይነክሩበታል፤ ከቅጠላ ቅጠሉም ስሙን ከመንደሩ ያገኘው ኖዛዋና የሚባል የጎመን ዘመድ ዋነኛው ነው። ወደ ኦጋማ መግባት የሚችለው ግን የመንደሩ ነዋሪ ብቻ ነው። እንግዳ በአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል። ምክንያቱ ንፉግነት እንዳይመስለን፤ እንዲህ የሚፈላ ውሃ ልማዱን የማያውቀውን ሰው ያቃጥላል፤ ደግሞም ለጎብኚው ጨዋታ የሆነው ነገር ለነዋሪው ማጀቱ ነው።

በየዓመቱ በአውሮጳ አቆጣጠር ጥር 15 ቀን ሌሊት በዚሁ መንደር የእሳት በዓል ይደረጋል። ከእንጨት ከፍ ያለ ማማ ይሠራና 42 ዓመት የሞላቸው ወንዶች በላዩ ይቀመጣሉ፤ 25 ዓመት የሞላቸው ከሥሩ ይቆማሉ፤ የቀረው የመንደሩ ሰው ችቦ ይዞ ማማውን ለማቃጠል ይታገላል። ጃፓን ሩቅ አገር ነው፤ ነገር ግን የሰውን የሥራ ድርሻ በዕድሜ ደረጃ መመደብ ገዳን ለሚያውቅ ለቦረናና ለጉጂ ሰው ሊብራራለት የሚያስፈልግ ነገር አይደለም።

ስኪ የሚባለው፥ በእግር ሁለት ረዣዥም ጣውላ አስሮ በበረዶ ላይ መንሸራተት፥ ወደ ጃፓን የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቴዎዶር ፎን ሌርኽ የተባለ የኦስትርያ መኰንን ጥር 4 ቀን 1903 ዓ.ም. ታካዳ በሚባል ከተማ ለጃፓን ወታደሮች ማስተማር ጀመረ። በኖዛዋም በአውሮጳ አቆጣጠር በ1923 የስኪ ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1930 ደግሞ በዚያን ዘመን በዓለም የታወቀው የኦስትርያ ተወላጅ ሐነስ ሽናይደር ወደ መንደሩ መጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት በረዶው ለመንደሩ ሰው መንገድ የሚዘጋ፥ ጣራ የሚያፈርስ፥ ለወራት እርሻ የሚያስፈታ መከራ ብቻ ነበር። ስኪ ከመጣ በኋላ ግን ያው መከራ እንጀራ ሆነ። እንግዳው ቀን በተራራው ላይ ሲንሸራተት ይውልና ማታ በፍል ውሃው ደንዝዞ የነበረውን ሰውነቱን ያፍታታል። በ1998 በአውሮጳ አቆጣጠር የናጋኖ የክረምት ኦሊምፒክ ሲደረግም ስኪንና ተኩስን የሚያጣምረው ውድድር በዚሁ መንደር ተካሂዷል።

ስለ ስኪ ካነሣን ዘንድ የእኛ ሰዎች ከዚህ ጨዋታ ፈጽሞ ውጭ አለመሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንወዳለን። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ በቶክዮ ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶንን ማሸነፉን የማያውቅ ተማሪ የለም። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሩ ከተያዘ በኋላ በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄዶ፥ በበረዶ ላይ ተቀምጦ በሚነዳ ተንሸራታች ተወዳድሮ የአገሩን ሰዎች ማሸነፉን ግን ብዙዎቻችን አሁን ገና ሰማን። ከዚያም ከብዙ ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቱሪን ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳደረ። ኢትዮጵያም በክረምት ኦሊምፒክ ስትሰለፍ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ሮቤል 83ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በቫንኩቨር ዳግመኛ ቀረበ። ሰንደቅ ዓላማውን የተሸከመውም፥ የተወዳደረውም እሱው ብቻውን ነበር።

በረዶው ባይኖረንም ፍል ውሃው ሞልቶናል። አገራችንን ከአፋር እስከ አባያና ጫሞ ሐይቆች ድረስ የሚሰነጥቀው ታላቁ ስምጥ ሸለቆ በሚያልፍበት ሁሉ የምድር ቅርፊት ስለ ሳሳ፥ ወደ ጥልቁ የሰረገው የዝናብ ውሃ በዚያ ባለው ትኩሳት ሞቆ ተመልሶ ይወጣል። ከአዋሽ ወንዝ ዳር ያለውን ሶደሬን፥ ወሊሶን፥ አምቦን፥ የሻላን ሐይቅ ዳርቻ መጥቀስ ይበቃል። ከስምጥ ሸለቆውም ርቆ በጎንደር በኩል በደራ አገር ዋንዛየ የሚባለው ፍል ውሃ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሕመምተኞች የሚሰፍሩበት ነው። አምቦማ ውሃው በጠርሙስ እየታሸገ በየሱቁ ስለሚሸጥ ስሙ ከከተማነት ይልቅ ለመጠጥነት ይታወቃል፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብሎ የነበረውም ያለ ምክንያት አይመስለንም። ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ከሻሸመኔ አለፍ ብሎ ያለው ወንዶ ገነት ነው። ከነገሌ ተነሥቶ በክብረ መንግሥትና በአለታ ወንዶ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ በአጠገቡ ያልፋል። በዚያ ከኮረብታው ሥር የሚወጣው ውሃ እጅግ ስለሚያቃጥል የአካባቢው ልጆች በቆሎና ድንች ይቀቅሉበታል፤ ዝቅ ብሎ ሲበርድ ደግሞ ሰው ይታጠብበታል። የኦጋማን ሥዕል ያየ ሰው ወንዶ ገነት ቢደርስ አይገረምም።

ከሁሉም ታሪክ የተሠራበት ግን የአዲስ አበባው ፍል ውሃ ነው። ጠቅላላው ነገር የታወቀ ቢሆንም እንደሚከተለው እናስታውሰው።

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ሰፈራቸው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እንጦጦ ለጠላት የማይመች ጥሩ አምባ ነው፤ ለኑሮ ግን ነፋስና ብርድ የበዛበት፥ እንጨትና ውሃም የራቀበት ነበር። ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ደግሞ ፍል ውሃ ይፈልቅ ስለ ነበረ ንጉሡና መኳንንቱ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ ቁርጥማት የያዘውም ሰው መድኃኒት ያገኝበታል ይባል ነበር። በ1879 ዓ.ም. በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ከፍል ውሃው አጠገብ ሰፍረው ሳለ የቦታውን ልምላሜና የአየሩን ልስላሴ ወደዱት፤ ቤት መሥሪያ ቦታም እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ተፈቀደላቸውና ቤት ተሠራ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ንጉሡ በዚያው ዓመት ወደ ሐረር ዘምተው ሲመለሱ መኳንንቱም እየተከተሉ በየቦታው ቤታቸውን ሠሩ። ስለዚህ የአገራችን ዋና ከተማ የተቆረቆረችው ለገበያ ወይም ለምሽግ ሳይሆን ሙቅ ውሃ ለመታጠብ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ነገር ግን የጓደኛችን ጥያቄ እዚህም ላይ ይጠብቀናል። ያ ውሃ እቴጌ ጣይቱ ሳይወርዱ በፊት የማን ነበር? ቦታው በኦሮሞዎች ዘንድ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ዙሪያውን ይኖሩ የነበሩትም ጉለሌዎችና ሌሎች የኦሮሞ ጐሣዎች ናቸው። ለእነርሱ ፍል ውሃው ሆራ ነበር። ሆራ ማለት ጨውና ማዕድን ያለበት ውሃ ነው፤ ከብት ሆራ ሲጠጣ ይወፍራል፥ ቆዳው ያበራል፥ ወተቱም ይበረክታል። የእኛ አገር ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከተማው ሲሰፋ ሜዳው በቤትና በግቢ ተያዘ፤ ባለከብቶቹም ከስፍራው ራቁ። ዛሬ በፍል ውሃ ድርጅት በር ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፥ እንደ ከፈለውም ዓይነት ክፍሉን ይዞ፥ ውሃው መለስ ሲል ይታጠባል። በዚያ ቦታ ላም ትጠጣ እንደ ነበረ የሚያስበው ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ነገር በዚያን ዘመን ሰዎች ላይ ለመፍረድ አንነሣም፤ ከተማ የተቆረቆረበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ የሌላ ሰው ግጦሽ ወይም እርሻ ነበር። ይሁን እንጂ አዲስ አበባን በሚያነሣው በትምህርት መጽሐፋችን ምዕራፍ ውስጥ እቴጌይቱ አሉ፥ ብርዱ አለ፥ አበባው አለ፤ ሆራውና ባለከብቶቹ ግን የሉም። የኖዛዋን መታጠቢያ ቤቶች እነማን እንደሚጠርጉ ያወቅን ተማሪዎች የፊንፊኔን ሆራ እነማን ይጠብቁ እንደ ነበር አለማወቃችን አሳፍሮናል።

እኛም ሆራ አለን። ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ዱብሉቅ ሲደርሱ ወደ ምሥራቅ ተገንጥሎ ሶዳ የሚባል መንደር ይገኛል፤ መንደሩ ያለው በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በቈፈረው ታላቅ ጕድጓድ አፋፍ ላይ ነው። ከአፋፉ ሲመለከቱት በሥሩ እንደ ቀለም የጠቆረ ሐይቅ ተኝቷል። ወንዶች በጠባብ ጠመዝማዛ መንገድ ይወርዱና ጆሮና አፍንጫቸውን ደፍነው በጨዋማው ውሃ ውስጥ ይጠልቃሉ፤ ከሥሩም በእጃቸው ጥቁር ጭቃ ይዘው ይወጣሉ። ጥቁሩ ጨው ለከብት፥ ነጩ ለሰው ነው። አህዮች ተጭነው ገደሉን ሲወጡ ማየት ያሳዝናል። ውሃው ዓይንና ቆዳ ይጎዳል፤ ሥራው ግን ከጥንት ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ከኖዛዋ ገንዳ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ቢኖር ሁለቱም የምድር ውስጥ እሳት ሥራ መሆናቸው ብቻ ነው።

ይልቁንም ከኖዛዋ ማኅበር ጋር ልናስተያየው የሚገባው ከዚያው ከሶዳ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የቱላ ውሃ ነው። ቱላ ማለት በቦረና ምድር ከቋጥኝ ውስጥ በእጅ ተቈፍሮ የወጣ ጥልቅ የውሃ ጕድጓድ፥ ወይም ኤላ፥ ያለበት ስፍራ ነው። ዘጠኝ ናቸው ተብለው ሲጠሩ የኖሩ ሲሆን በየአንዳንዱ ስፍራ በርከት ያሉ ጕድጓዶች ይገኛሉ። ማን እንደ ቈፈራቸው የሚነገረው ብዙ ነው፤ ዕድሜያቸው ግን በመቶ ዓመታት የሚቈጠር መሆኑ አያከራክርም። ከብቱ ወደ ገንዳው የሚደርሰው በሁለት ወገን ግድግዳ በሆነ ረዥም ቁልቁለት መተላለፊያ ወርዶ ነው። ከገንዳው በታች ደግሞ ሰዎች በጕድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ በእንጨት መሰላል ቆመው፥ ከቆዳ የተሰፋውን ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ውሃውን ያወጣሉ፤ ባዶውም በዚያው መንገድ ይመለሳል። እጅና እጅ እንዳይሳሳት በዜማ ይሠራሉ፤ ስለዚህ የውጭ አገር ሰዎች «የሚዘምሩ ጕድጓዶች» ብለው ሰየሟቸው። አወጣጡን ያላየ ሰው ዜማውን ለደስታ ይመስለዋል፤ ዜማው ግን የሥራው ሰዓት ነው። ዜማው ቢቋረጥ ባልዲው ከታች በቆመው ሰው ራስ ላይ ይወድቃል።

ውሃው የማን እንደ ሆነ ግን አሠራሩን ከማየት ብቻ አይታወቅም። ኤላውን አስቀድሞ ያስቈፈረው ሰው አባ ኮንፊ ይባላል፤ ይህ መብትና ማዕረግ በዘሩና በጐሣው ሲወርድ ይኖራል። ይሁን እንጂ አባ ኮንፊ ውሃውን አይሸጥም፥ ለብቻውም አያደርገውም። በየቀኑ የማን ከብት ቀድሞ የማን ተከትሎ እንደሚጠጣ የሚወስነው አባ ሄሬጋ የሚባለው የተራ ሹም ነው። በቦና፥ ማለት በደረቁ ወራት፥ ከብት የሚጠጣው በየሦስት ቀኑ ስለ ሆነ ተራው አንድ ጊዜ ከተዛባ የሚከተለው ችግር ቀላል አይደለም። ተራ ያለው ሰው ጕልበት የማዋጣት ግዴታም አለበት፤ ደለል ሲጠረግ፥ ገንዳው በጭቃ ሲለሰን፥ አጥሩ ሲታጠር ሰው ይልካል። ጠብ ቢነሣ የኤላው ጉባኤ ይሰበሰባል፤ በዚያ ያልተፈታ ነገር ወደ ላይ እያለ በየስምንት ዓመቱ በጋዮ ከሚደረገው ታላቅ ጉባኤ ሊደርስ ይችላል። መንገደኛ ለራሱ የሚጠጣውን ቢለምን ግን ተራህን ጠብቅ አይባልም።

ይህን ስንጽፍ የቦረናን ነገር አሳምረን ለመሳል ፈልገን አይደለም። ስለ ውሃና ስለ ግጦሽ በዚህ ምድር ብዙ ደም ፈስሷል፤ በድርቅ ዘመንም ተራው ቢጠበቅ ውሃው ራሱ ይጎድላል። ደግሞም በልጅነታችን ውሃ ለመቅዳት ሌሊት ተነሥተን የሄድን ሁሉ ተራ የሚባለው ነገር ስንት ሰዓት የሚያስቆም እንደ ሆነ እናውቃለን። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ በኖዛዋ የሚጠርገው ሰው እንደሚታጠብ፥ በቱላም ጕልበቱን ያዋጣው ሰው ከብቱን ያጠጣል፤ በሁለቱም ዘንድ የውሃው ባለቤት ማን እንደ ሆነ ከመጠየቅ ይልቅ ጠባቂው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይቀላል።

የዚህ ጥያቄ ክብደት በከተማችን በነገሌ ራሷ አንድ ጊዜ በግልጽ ታይቷል። ነገሌ በታሪክ ስሟ የሚነሣው አስቀድሞ በጥር 1928 ዓ.ም. የጄኔራል ግራዚያኒ ጦር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት በገናሌ ዶርያ ወግቶ ከተማዪቱን በያዘ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ግን የውሃ ታሪክ ነው።

በ1966 ዓ.ም. በነገሌ የሠፈረው የምድር ጦር ብርጌድ ወታደሮች በምግባቸውና በኑሯቸው እጅግ ተቸግረው ነበር። በዚያ ላይ ለተራው ወታደር ውሃ የሚስበው ሞተር ተበላሸ። መኰንኖቹ የሚጠቀሙበት ሌላ ጕድጓድ በአጠገቡ ነበረ፤ ወታደሮቹም ከዚያ እንቅዳ ብለው ቢጠይቁ ተከለከሉ። ወራቱ ጥር፥ ቦና ነው። ጥር 4 ቀን ወታደሮቹ በመኰንኖቻቸው ላይ ተነሡ፤ ያዟቸው፤ አቤቱታቸውንም ለንጉሠ ነገሥቱ ላኩ። ጉዳዩን እንዲመለከቱ ከአዲስ አበባ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ መጡ። ወታደሮቹ እሳቸውንም አልለቀቁም፤ ራሳቸው የሚበሉትን ምግብ አብልተው፥ ራሳቸው የሚጠጡትን ውሃ አጠጧቸው። ጄኔራሉም ታመሙ ይባላል።

(ቀኑ ጥር 4 መሆኑን ስንጽፍ አንዱ ጓደኛችን ሌርኽ በጃፓን ስኪ ማስተማር የጀመረበት ቀን ጭምር መሆኑን አስታወሰን። ሥልሳ ሦስት ዓመት ይለያያሉ፤ ከመገጣጠሙ በቀር ምንም ትርጉም የለውም፥ ነገር ግን ደስ ስላለን አስገባነው።)

ንጉሠ ነገሥቱ ቅሬታውን እንደሚመለከቱ ተስፋ ሰጡ፤ የነገሌም ነገር ያበቃ መስሎ ነበር። ወሬው ግን ከአንዱ የጦር ሰፈር ወደ ሌላው ተዛመተ። በየካቲት ወር በደብረ ዘይት አየር ኃይል፥ ቀጥሎም በአሥመራ ሁለተኛው ክፍለ ጦር ተነሣ፤ መምህራንና ተማሪዎች፥ ባለታክሲዎችና ሠራተኞችም በየራሳቸው ጥያቄ ተነሡ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ አንድ ጕድጓድ ብቻ ነበር የሚል ሞኝ የለም፤ የወሎ ረኃብ፥ የመሬት ጥያቄ፥ የነዳጅ ዋጋ መናር ሁሉ ነበሩበት። የመጀመሪያው ጦር የተነሣው ግን እዚህ በእኛ ከተማ፥ በውሃ ተራ ምክንያት ነው።

ጥያቄውን ያነሣው ጓደኛችን ይህን ካነበበ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፤ መኰንኖቹ ከቦረና ሽማግሎች መካከል አንድ አባ ሄሬጋ አስጠርተው ቢሆን ኖሮ ተራውን እንዴት ያደርገው ነበር? እኛም እርስ በርሳችን ስንከራከር ዋልን። አንዳንዶቻችን መኰንኖቹ ቀድመው፥ ወታደሮቹ ተከትለው ይቀዱ ነበር አልን። ሌሎቻችን የጕድጓዱን ደለል የሚጠርገው ማን እንደ ነበረ ሳይታወቅ መልስ መስጠት አይቻልም አልን። እሱ ግን በሁለታችንም አልተስማማም። «ለመጠጥ የተጠየቀ ውሃ እኮ ተራ የለውም» አለ።